ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደተረፈ ቁጠሩልን

ለሐይቅ የዓሣ ጫጩት ለምታባዙ፣ ለምታጓጉዙና ለምትለቁ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዓሣ ሀብት ልማት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከሐይቅ ከተማ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አባቴ ከእርሻው ጎን ለጎን መረብ ይጥል ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የተጠላለፈ መረብ እየፈታሁ፣ የቆሮሶ (የቲላፒያ) ቅርፊት እየፋቅሁ ነው ያደግሁት። በጾም ወራት ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ዓሣ ሲጠይቅ፣ ታንኳው ግን ባዶውን ሲመለስ ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ሐይቃችን ውስጥ ዓሣ እንዲበዛ የምትደክሙትን ድካም ከልቤ አከብራለሁ። የምጽፍላችሁም ያ ድካም ውሃ እንዳይበላው ብዬ ነው።

ሦስት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኦክስጅን የተሞሉ የፕላስቲክ ከረጢቶች የጫነ መኪና ወደ ሐይቁ ዳርቻ መጣ። ያመጣው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ባነር ተሰቅሏል፤ የሚለቀቁት ጫጩቶች ቁጥር በትልልቅ አኃዝ ተጽፎበታል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ከረጢቶቹ ተፈቱና ጫጩቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ፈሰሱ። ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቁ፣ እኩል እኩል የሆኑ።

እንግዶቹ ምሳ ሲሄዱ እኔና ሦስት ተማሪዎቼ ቀረን። ጫጩቶቹ አልተበተኑም። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ ተሰብስበው ይንሳፈፋሉ። አንዱ ልጅ እጁን ሲዘረጋ ወደ እጁ መጡ። ብዙም ሳይቆይ ዓሣ በል ወፎቹ ደረሱ። የወፏ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ጫጩቶቹ ሽሽት አልጀመሩም፤ ወደ ጥላው ሄዱ።

ለምን እንደሄዱ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በተወለዱበት ገንዳ ውስጥ ከላይ የሚመጣ ጥላ ማለት ፉርሽካና ፋጉሎ የያዘ ሰው ማለት ነው። ጥላ ሲያይ ቀድሞ የወጣው ቀድሞ በላ፤ ቀድሞ የበላው ቀድሞ አደገ። የሠለጠኑት ለዚህ ነው።

ነገሩ እንቅልፍ ስለነሣኝ ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችን አንዲት ትንሽ ኩሬ ቆፈርን፤ ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) አነጠፍንባት። ግማሹን ከማባዣ በመጣ ጫጩት፣ ግማሹን ደግሞ ከሐይቁ ዳር ከፊላው ሥር በደቃቅ መረብ በያዝነው ጫጩት ሞላናት። እንዳይምታቱብን ከሐይቁ የመጡትን አንደኛውን የሆድ ክንፍ ጫፉን ቆረጥነው። ውሃው አንድ፣ መኖው አንድ። በጥቂት ወራት ውስጥ የማባዣዎቹ ዓሦች የሐይቁን ዓሦች ጥለዋቸው ሄዱ። «ቲቸር፣ የኛዎቹ ሰነፎች ናቸው» አሉኝ ልጆቹ። ያን ጊዜ ለአንዱ ጃንጥላ ሰጠሁትና በኩሬው ላይ ጥላ እንዲያሳልፍ ነገርኩት። የሐይቁ ዓሦች በአንድ ቅጽበት ወደ ታች ጠለቁ፤ መኖ ቢበተንላቸውም ቶሎ አልወጡም። የማባዣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ታች ተደብቆ ያለፈ ደቂቃ ሁሉ ያልተበላበት ደቂቃ እንደሆነ፣ «የኛዎቹ» ቀስ ብለው ያደጉትም በጥንቃቄያቸው እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ከዶሮ ያውቀዋል። የፈረንጅ ዶሮ በጥቂት ወር ትደርሳለች፣ በላይ በላይ ትጥላለች። የአበሻዋ ዘግይታ ትደርሳለች፣ እንቁላሏም ትንሽ ነው። ጭልፊት ሰማይ ላይ ሲዞር ግን የአበሻዋ ጫጩቶቿን ጠርታ ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች፤ የፈረንጇ ሜዳ ላይ ቆማ ትቀራለች። እናቴ የፈረንጇን በቤት ዘግታ መግባ ታኖራለች እንጂ ጓሮ ለቅቃ «ራስሽን ቻይ» አትላትም። የወሎ ገበሬም ማሽላውን እንዲሁ ነው የሚይዘው። ዝናቡ በጊዜ ከገባ ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ ምርቱ ብዙ የሆነውን ደጋሌት ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየ ምርቱ ቢያንስም ፈጥኖ የሚደርሰውን ይመርጣል። ብዙ መስጠትና ክፉ ቀን ማለፍ በአንድ ዘር ላይ እኩል እንደማይገኙ አውቆ ነው። ዓሣ ላይ ስንደርስ ይህን ዕውቀት የት ጣልነው?

ዓሣ ቶሎ እንዲወፍር ብዙ መብላት አለበት፤ ብዙ እንዲበላ ከመደበቂያው ወጥቶ መዋል አለበት፤ ወጥቶ የዋለ ደግሞ ይታያል። በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የምትኖር አንዲት ትንሽ ብርማ ዓሣ አለች። በጋው አጭር በሆነበት በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ያለችው፣ ከደቡብ ካሮላይናዋ ዘመዷ በተፈጥሮዋ ቶሎ ታድጋለች። ዴቪድ ኮኖቨርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ከአዳኝ ዓሣ ጋር አብረው ሲያስቀምጧቸው በብዛት የተበላችው ፈጣን አዳጊዋ ናት። የመዋኘት አቅሟ ደካማ ነው፤ ሆዷ ሲሞላ ደግሞ ይብስባታል። ዘገምተኛዋ ዓሣ ማደግ አቅቷት አይደለም ማለት ነው፤ የዕድገቷን ልክ ያበጀላት አዳኙ ነው።

ለእናንተ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፒተር ቢሮና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትንንሽ ሐይቆች ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ፣ የእርባታውንና የዱሩን፣ አብረው ለቀቁ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። አዳኝ በሌለበት ሐይቅ የእርባታው ዓሣ ደፋር ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ያዋጣል። አዳኝ ባለበት ሐይቅ ያው ድፍረቱ ገደለው፤ ከዱሩ እጅግ አብልጦ አለቀ። ያው ዓሣ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

ከሞት የተረፉትስ? በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በሁድ ወንዝ ስቲልሄድ የሚባለውን ትራውት ትውልድ በትውልድ በዘረመል እየተከታተሉ የመዘገቡ ተመራማሪዎች አሉ። ሂቶሺ አራኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ዓሣው በማባዣ ውስጥ ባሳለፈው በእያንዳንዱ ትውልድ በተፈጥሮ ወንዝ ልጅ የማፍራት አቅሙ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ማርክ ክሪስቲና ባልደረቦቹ በዚያው ወንዝ አንድ ትውልድ ብቻ ለለውጡ በቂ እንደሆነ አሳዩ፤ በማባዣ ውስጥ ብዙ ልጅ ያፈሩት ወላጆች ወንዝ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ያፈሩት ሆነው ተገኙ። ይህን ሳነብ ያ ባነር ትዝ አለኝ። በገንዳ ውስጥ አንደኛ የወጡትን መርጠን ለወላጅነት ስናስቀር፣ ምናልባት ለሐይቁ መጨረሻ የሚወጡትን እየመረጥን ነው።

ቆሮሶ ትራውት አይደለም፤ የኦሪገንን ቁጥር እንዳለ አንሥቼ ለሐይቃችን አልሰጠውም። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም በቆሮሶ ላይ የሚጨመር አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿ መዋኘት ከጀመሩም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አይረሳውም፤ በአንድ ጊዜ ውሃው ባዶ ይሆናል፣ አደጋው ሲያልፍ እንደ ጭስ ተመልሰው ይወጣሉ። ዘግይቶ የገባው ይበላል፤ ልጆቿን በጊዜ የማትሰበስብ እናትም ዘር አይቀርላትም። በዘመናዊ ማባዣ እንቁላሉ ከእናቲቱ አፍ ተወስዶ በሚዘዋወር ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። ብዙ እንዲተርፍ የተደረገ ነው፤ ይተርፋልም። ነገር ግን እዚያ ጎበዟ እናትና ዝንጉዋ እናት አንድ ናቸው፤ ፈጣኑ ልጅና ፈዛዛው ልጅ እኩል ያልፋሉ። ሐይቁ ሲያበጥረው የኖረውን ገንዳው መልሶ ይቀላቅለዋል።

በሆርሞን መኖ ሁሉም ወንድ የተደረገ ጫጩትም አለ። ለኩሬ ጥሩ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ ቶሎ ስለሚያድግና ኩሬው በትንንሽ ዓሣ ስለማይጨናነቅ። ሐይቅ ውስጥ ግን እንዲራባ ተብሎ የሚለቀቅበት ምክንያት የለም።

«የሐይቅ ቆሮሶም እኮ መጤ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። እስከ 1970 ዓ.ም. ገደማ ሐይቃችን ቆሮሶ አያውቅም ነበር፤ ሰው አምጥቶ ነው የጨመረው። አያ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ አስጋሪ የመጀመሪያው ቆሮሶ ሲያዝ ሰው እንዴት ተሰብስቦ እንዳየው እስከ ዛሬ ያወራሉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከ45 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሐይቁም እንደ ሰፌድ ሲያንጓልላቸው ኖሯል። ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይወርዳል፤ ለቆሮሶ ጎጆና ለልጆቹ ማሳደጊያ የሚሆነው ጠበብ ያለው የዳርቻው ውሃ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይንቀራፈፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወንፊቱን ያለፉት ናቸው ዛሬ መረባችን ውስጥ የሚገቡት። መጤነታቸው ቀርቶ የዚህ ውሃ ልጆች ሆነዋል። በእነዚህ ላይ ሌላ ቦታ ያደገ፣ ለገንዳ የተመረጠ ዓሣ ስናፈስባቸው ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጫጩቱ ያልቃል፤ ገንዘቡ ለወፍ ይሆናል። ወይ የተወሰነው ይተርፍና ከሐይቁ ዓሣ ጋር ይዳቀላል፤ ሐይቁ ያስተማራቸውን ያስረሳቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው፤ ያለቀ ጫጩት ነገ ይረሳል፣ የተቀላቀለ ዘር ግን ተለቅሞ አይወጣም።

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሆነውንም ላስታውሳችሁ። በማዲሰን ወንዝ ለዓመታት የእርባታ ትራውት ይለቀቅ ነበር፤ ሕዝቡም ይወደዋል። ዲክ ቪንሰንት የሚባል የዓሣ ባለሙያ መልቀቁ ሲቆም ምን እንደሚሆን መለካት ጀመረ። ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፤ የዱሩ ትራውት በዛ። ይለቀቅ የነበረው ዓሣ የዱሩን ቦታና ምግብ ይሻማው ነበር። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1974 የዱር ትራውት ባለባቸው ወንዞች መልቀቅ አቆመ። ያን ጊዜ የተቃወሙት ብዙዎች እንደነበሩ አስቡት፤ ለሚመለከተው ሰው ዓሣ አለመልቀቅ ሥራ አለመሥራት ይመስላልና። የቪንሰንት ጀግንነት መቁጠሩ ላይ ነው።

እኔም የምለምናችሁ እሱን ነው፤ ቁጠሩልን። ስንት ጫጩት እንደተለቀቀ ሪፖርት ላይ አለ፣ ባነር ላይ አለ። ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ግን የትም አላየሁም። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመለቀቃቸው በፊት ከጫጩቶቹ የተወሰኑትን የሆድ ክንፋቸውን ጫፍ መቁረጥ፣ ከዚያም አስጋሪው መረቡን ሲያወጣ ምልክት ያላቸውን እየለየ መመዝገብ ይበቃል። የማባዣ ኃላፊው ምዘና በተለቀቀው ብዛትና በጫጩቱ ክብደት ከሆነ ፈጣን አዳጊውን ከመምረጥ ሌላ ምን ያድርግ? በሰውየው አልፈርድም። ምዘናው ሲለወጥ ምርጫውም ይለወጣል።

ሐይቁ የግድ ጫጩት ይጨመርበት ከተባለ ወላጆቹ ከራሱ ከሐይቁ ይያዙ፤ በየጊዜውም በአዲስ ይተኩ፤ ከአንድ ገንዳ ልጅ፣ ከልጅ የልጅ ልጅ እየተባለ አይቀጠል። ጫጩቶቹ ሳይለቀቁ በፊት ጥቂት ሳምንት ፊላና ድንጋይ ባለበት፣ መኖ በእጅ በማይበተንበት ኩሬ ይቆዩ፤ ከውሃው የሚገኘውን ሕይወት ያለው ምግብ ማደን ይልመዱ። ቀጭን ይሆናሉ፤ ለፎቶ አያምሩም፤ ይሁን። ስትለቁም ረፋድ ላይ አታድርጉት። ሲመሽ፣ ወፉ ሲገባ፣ በታንኳ እየዞራችሁ ፊላው ሥር ጥቂት ጥቂት አድርጉ። ለሥነ ሥርዓት አይመችም፤ ለዓሣው ግን ይመቻል።

የኛን የአስጋሪዎችን ጥፋትም አልሸሽግም። ዓይኑ የጠበበ መረብ የሚጥል ከመካከላችን አለ፤ ወላድ ዓሣ በጎጆው ላይ የሚይዝም አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ዘንድ በወረቀት ላይ ነው ያለው። ትልልቁ ዓሣ ሁሉ እየተለቀመ ሲወጣ ትንሽ ሆኖ የሚወልደው ብቻ ይቀራል፤ ኮኖቨር ያችኑ ብርማ ዓሣ ይዞ ትልልቆቹን በማውጣት ብቻ በአራት ትውልድ ዓሦቹ እንዳነሱ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይቷል። ይህን ጉዳት ጫጩት በማፍሰስ መጠገን አይቻልም። ቆሮሶ የሚጎጅበትን ዳርቻ በመራቢያ ወራቱ ብንጠብቅ፣ ለጫጩት ማጓጓዣ ከሚወጣው ገንዘብ ለጥበቃው የተወሰነው ቢመደብ፣ እናቲቱ በአፏ የምታሳድገው ያለ ኦክስጅን ከረጢት ይደርሰን ነበር።

ፈጣን አዳጊ ዓሣን እንደ ጠላት አላየውም። ቦታው ኩሬ ነው። ከሌማት ትሩፋት ወዲህ በየቀበሌው ኩሬ እየተቆፈረ ነው፤ እዚያ ውስጥ ወፍ በመረብ ይከለከላል፣ መኖ በሰዓቱ ይመጣል፣ ድፍረት አይገድልም። እዚያ ቶሎ የሚያድገውን ስጡን፤ የቤተሰብ ገበታ ላይ ዓሣ ይውጣ። ብቻ ኩሬው ጎርፍ ጠርጎ ሐይቅ የማያስገባው ቦታ ላይ ይሁን። በዓለም የታወቀው የተሻሻለ ቆሮሶ እንኳ በከፊል የተገኘው ከአፍሪካ የዱር ውሃ ነው፤ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተያዙ ዓሦች ፊሊፒንስ ተወስደው፣ በየትውልዱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ዕድገት እየጨመሩ ነው የተመረጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የናይሮቢ መግለጫም የተሻሻለ ዝርያ ወደ አፍሪካ ውሃዎች ሲገባ የዱሩ ዘር እንዲጠበቅ የጠየቀው ለዚህ ነው። የነገው አርቢ የሚመርጥበት ዘር ዛሬ በየሐይቁ ያለው ነው። የኛው ድርሻ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ውስጥ አለ።

የሚቀጥለው ጫጩት መቼ እንደሚለቀቅ ከሁለት ሳምንት በፊት ብትነግሩን ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ። ክንፍ መቁረጡን በኩሬያችን ለምደነዋል፤ ያለ ክፍያ እንሠራዋለን። የማኅበሩ አስጋሪዎችም ምልክት ያለው ዓሣ ሲያገኙ ቀኑን፣ ቦታውንና ርዝመቱን ሊያጽፉን ተስማምተዋል። አያ እንዲያውም ደብተሩ በእሳቸው ቤት ይቀመጥ ብለዋል፤ መረብ ሁሉ በደጃቸው ስለሚያልፍ። ደብተሩ ተገዝቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጎደለው የምትለቁበት ቀን ነው።

በአክብሮት፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ